ጊዮርጊስ የሌለበት ጊዮርጊስ

ሚያዝያ 23 ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ዘመድ የለኝም። ሜሪላንድ ልጄ ዘንድ ከመጣሁ ወዲህ የጊዮርጊስ ማኅበር የሚጠጣው በጠላ ሳይሆን በጣሳ ለስላሳ ቢሆንም፣ ቀኑ ቀን ነው። ዘንድሮ የልጅ ልጄ ጥቅል ወረቀት ይዛልኝ መጣች። «አባባ፣ ክፈተው፤ ያንተ ጊዮርጊስ ነው» አለችኝ። አንቱታ ያስተማራት የለም፤ እሱን ሌላ ቀን አማርራለሁ።

ፈታሁት። አንዲት ልዕልት አለች። ክንፍ አለ፤ የዘንዶ ክንፍ። ጊዮርጊስ የለም። ወረቀቱን ገለበጥሁት፤ በጀርባውም የለም።

«የት ሄደ?»

«ዲቴል ነው እኮ አባባ። አርቲስቱ የመረጠው ክፍል ነው።»

ከጊዮርጊስ ሥዕል ጊዮርጊስን ትቶ የሚመርጥ! ዶሮ ወጥ ቀርቦለት እንቁላሉን ብቻ አንስቶ የሚሄድ እንግዳ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሰውየው አንዲ ዋርሆል ይባላል፤ አሜሪካዊ ነው። በፈረንጅ 1962 የሾርባ ጣሳ በ32 ሸራ ላይ ደርድሮ ስሙን የተከለው እሱ ነው። በ1984 ደግሞ አራት የጥንት የጣሊያን ሥዕሎች መርጦ፣ ከየሥዕሉ ቁራጭ ወስዶ፣ እያንዳንዱን በአራት ዓይነት ቀለም አተመ። 16 መሆናቸው ነው። የእኔኛው ጊዮርጊስ ፓኦሎ ኡቼሎ ከሳለው፣ ለንደን ናሽናል ጋለሪ ካለው ሥዕል የተቆረጠ ነው።

ስለ ኅትመት ደግሞ ማንም አይነግረኝም፤ 31 ዓመት ማተሚያ ቤት ሠርቻለሁ። ይሄ ስክሪን ፕሪንት ነው። ፎቶው በተወጠረ ስስ ጨርቅ ላይ ያርፋል፤ ቀለም እንዳይገባበት የተፈለገው ቦታ ይደፈናል፤ ቀለሙ በላስቲክ እየተገፋ በቀረው ቀዳዳ ወደ ወረቀቱ ይወርዳል። ለሌላ ቀለም ሌላ ጨርቅ። ቲሸርት የሚያትም ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ሥራ ነው።

አንድ ዓመት የቀን መቁጠሪያ ስናዘጋጅ መቁረጫው ማሽን ላይ እጄ ሳተና የጊዮርጊስን ፈረስ ጭራ ቆረጥሁት። ጭራውን ብቻ! የግማሽ ወር ደመወዜ አብሮ ተቆረጠ፤ አለቃዬም እስከ ፋሲካ ሰላምታ ነሳኝ። ዋርሆል ፈረሱን ከነጋላቢው ቆርጦ ሙዚየም ገባ።

ልጅቱ ሌሎቹንም በስልኳ አሳየችኝ። የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ብሥራት ላይ የመልአኩ እጅ በአንድ ወገን፣ የእመቤታችን እጅ በሌላ ወገን፣ መሐል ላይ ተራራ። ፊት የለም። የምሥራቹን ማን ለማን እንዳበሠረ ከጣት ገምቱ ነው። የቦቲቼሊን ቬኑስ ጭንቅላቷንና ፀጉሯን ብቻ ትቶ ሌላውን ቆርጦታል። እዚህ ላይ እንኳ ደግ አደረገ፤ ቬኑስ ራቁቷን ነበረች።

ከዚያ የፒዬሮ ዴላ ፍራንቼስካ መጣ። ዋናው ሚላኖ ብሬራ ነው ያለው፤ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ ቅዱሳን ከበዋት፣ ፌዴሪኮ የሚባለው መስፍን ከነጥሩሩ ተንበርክኮ። ዋርሆል ይህን ሁሉ ትቶ ምን ወሰደ? ከላይ ከዛጎል መሳዩ ጣሪያ በክር የተንጠለጠለውን እንቁላል። ዶሮ ወጥ ስላችሁ የቀለድሁ መስሏችሁ ነበር!

እንቁላሉ ላይ ግን ምላሴ ተያዘ። ብዙዎች የሰጎን ነው ይሉታል። የሰጎን እንቁላል ደግሞ የእኛም አብያተ ክርስቲያናት ጉልላት ላይ አለ። ልጅ ሳለሁ መሪጌታችን ሲነግሩን፣ ሰጎን ዓይኗን ከእንቁላሏ አትነቅልም፤ እናንተም ልባችሁን ከጸሎት አትንቀሉ ማለት ነው ይሉን ነበር። ይሄም ሰውዬ ከዚያ ሁሉ ቅዱስ መሐል ዓይኑን እንቁላሉ ላይ ተክሎ ቀረ። ስልኩን መለስሁላት። ሳቀች።

«አባባ፣ ዋርሆል እኮ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ነበር» አለችኝ። ፒትስበርግ ውስጥ፣ በሥዕለ አድኅኖ በተሞላ የምሥራቅ ሥርዓት ቤተ ክርስቲያን እየቆመ ነው አሉ ያደገው። እንግዲያው ሳሚ ሰው የጌታን የመጨረሻ እራት ሲሠራ፣ ርግብ ምልክቱ የሆነ የሳሙና ማስታወቂያና የ59 ሳንቲም የዋጋ ምልክት ይለጥፍበታል? እነዚያ ሥዕሎች በጥር 1987 ሚላኖ ላይ ታዩ፤ በወሩ ከሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና በኋላ ሞተ፤ 58 ዓመቱ ነበር። ነፍስ ይማር፤ ሳሙናውን ግን ይቅር አልለውም።

ስጦታ አይጣልምና ሳሎን ሰቀልሁት። እየቆየ ልዕልቲቱን ማየት ጀመርሁ። በኡቼሎ ሥዕል ዘንዶውን እንደ ውሻ በገመድ ይዛዋለች፤ የእኛዋ ብሩታዊት ግን ዛፍ ላይ ወጥታ ነው የምትጠብቀው። ዕድሜዬን ሙሉ ፈረሱንና ጦሩን ሳይ፣ የብሩታዊት መልክ ምን ይመስላል ቢሉኝ መልስ የለኝም። ይህን ለልጅቱ አልነገርኋትም።

ጊዮርጊስን ግን ልመልሰው ቆረጥሁ። ከአዲስ አበባ ያመጣሁት ያ ጭራ ቆራጣ የቀን መቁጠሪያ ሻንጣዬ ውስጥ ነበር። በስተቀኝ ሰቀልሁት። የእኛ ጊዮርጊስ ፊቱን ወደ ቀኝ አድርጎ ነውና የሚጋልበው፣ ልዕልቲቱንም ዘንዶውንም ጀርባውን ሰጥቷቸው ወደ ወጥ ቤት ይሄዳል። ነቀልሁና በስተግራ ሰቀልሁት። አሁን ደግሞ ጦሩ ቀድሞ የሚያገኘው ልዕልቲቱን ነው። ከላይ ብሰቅለው የፈረሱ ኮቴ አናቷ ላይ ሊያርፍ ነው።

ሦስተኛ ቀኔ ነው። ግድግዳው ወንፊት ሆኗል፤ ልጄም መዶሻውን ደብቃዋለች።