አሮጌ ሞተርን በግቢ ውስጥ የማደስ ልማድ፤ ሃላሌን መነሻ ያደረገ ጥናት

በወላይታ ዞን የኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በሃላሌ፣ እንደ ሌሎቹ የዞኑ ከተሞች ሁሉ፣ “እድሳት ላይ ያለ ሞተር” የሚባለው የንብረት ዓይነት ከሚሠራውም ከተጣለውም ተለይቶ መጠናት የሚገባው ሲሆን፣ ባለቤቱ ለዓመታት በእግሩ ቢሄድም በሰፈሩ ዘንድ ባለሞተር መባሉ አይቀርም። ለዚህ ጥናት በናሙናነት የተወሰደው ያማሃ ዲቲ 125 ነው፤ ይኸውም በአንድ ወቅት በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በእርዳታ ድርጅቶች እጅ በብዛት ይታይ የነበረ፣ ኋላም በጨረታ ወደ ግለሰብ ግቢ የገባ፣ ባለ ሁለት ምት (ፒስተኑ አንዴ ወጥቶ አንዴ በወረደ ቁጥር ቤንዚን የሚያቃጥል) ሞተር ነው።

እድሳቱ በመፍታት ይጀመራል፤ መፍታት ከሙያው ሁሉ ማንም የሚችለው ክፍል ስለሆነም በአንድ ከሰዓት ያልቃል። ሰልባትዮው (የቤንዚን መያዣው) አልጋ ሥር፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) እንሰቱ ጥግ፣ ካንዴላው (የእሳት ፍንጣሪ የሚሰጠው ዕቃ) በባለቤቱ ኪስ ይቀመጣሉ። ፒስተኑና ፋሻዎቹ፣ ማለትም ፒስተኑን የሚከብቡት የብረት ቀለበቶች፣ በናፍጣ የሚታጠቡት የቤቱ እመቤት ባልፈቀደችው ሳፋ ውስጥ ሲሆን፣ የናፍጣ ሽታ የማይደበቅ በመሆኑ ይህ ምዕራፍ አጭር ነው።

የምርመራው ዋና መሣሪያ አውራ ጣት ነው። ካንዴላው የወጣበት ቀዳዳ በአውራ ጣት ተደፍኖ መነሻው ሲረገጥ፣ አየሩ ጣቱን ገፍቶ ካስነሳው “ኮምፕሬሽን አለው” ይባላል፤ ካላስነሳው ግን ጥፋቱ ከፋሻው ወደ ረጋጩ ይዞርና ጠንከር ያለ እግር ያለው ጎረቤት ይጠራል። የመልክዓ ምድሩም ድርሻ ሊዘነጋ አይገባም፦ ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ፣ ለኦሞ ቆላ የተስተካከለ ጂግለር (በካርቡራተር ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍበት ባለ ቀዳዳ ናስ) ወደ ዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ወደ ሶዶ ሲወጣ ቤንዚን እያበዛ ካንዴላውን በጥላሸት ያጠቁራል። ሆኖም ይህ ችግር የሚያሳስበው የሚሄድ ሞተር ያለውን ሰው ብቻ ስለሆነ ከጥናቱ ወሰን ውጭ ነው።

የእድሳቱ ማብቂያ ቀን በሁሉም ዘንድ አንድ ነው፤ ጊፋታ። በመስከረም ለሚውለው ለዚህ የወላይታ ዘመን መለወጫ ወንዶች በቡድን ሆነው ለበሬ፣ ሴቶች ለቅቤ ዓመቱን ሙሉ ስለሚቆጥቡ፣ የፒስተኑና የበሬው ገንዘብ የሚወጣው ከአንድ ኪስ፣ የሚፈለገውም በአንድ ወር ነው። ሁለቱ ሲፋጠጡ ፒስተን አሸንፎ አያውቅም፤ ምክንያቱም የበሬ ድርሻውን ያልከፈለ ሰው ከሥጋው ሲጎድል አገር ያየዋል፣ ፒስተን ያልገዛ ግን “ዕቃው ሶዶ ጠፍቶ ከሶማሌ ተራ እየመጣ ነው” ካለ ማንም ደግሞ አይጠይቀውም። ሶማሌ ተራ፣ በአዲስ አበባ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሰፈር፣ በዚህ የጥናት ዘርፍ ከገበያነቱ ይልቅ በምክንያትነቱ ይታወቃል።

ሞተሩ የሚነሳበትም ጊዜ አልፎ አልፎ ያጋጥማል። የዘይት ፓምፑ ስለማይሠራ ዘይቱ በግምት ከቤንዚኑ ጋር ይደባለቃል፤ ግምቱም ለጋስ ስለሚሆን ግቢው በሰማያዊ ጭስ ይሞላል፣ የሰፈር ልጅ ይሰበሰባል፣ ባለቤቱም ቁልቁለቱን ይዞ ይወጣል። የፍሬኑ አለመገጠም የሚታወሰው በዚሁ ደረጃ ላይ ነው።