ሞተር ማሳነስ

የቤንዚን ዋጋ ለኢትዮጵያዊ ተራ ወሬ አይደለም። የካቲት 1966 ዓ.ም. መንግሥት ቤንዚን ላይ ሲጨምር የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች መኪናቸውን አቆሙ፤ መምህራን ተከተሉ፤ ተማሪው ተጨመረ፤ ወታደሩማ ቀድሞውንም አኩርፎ ነበር። ጃንሆይ ከጭማሪው ቀነስ ቢያደርጉለትም ነገሩ አልበረደም። መስከረም 2 ቀን 1967 ከዙፋናቸው ወርደው በቮልስዋገን ተወሰዱ። ሮልስ ሮይስ የለመደ ሰው በቮልስ! በአገራችን ታሪክ የመጀመሪያው ትልቅ የሞተር ቅነሳ ይኸው ነው።

ታሪክ ጸሐፊዎች ለአብዮቱ ሌላም ብዙ ምክንያት ይዘረዝራሉ። ቶሮንቶ ውስጥ፣ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ፣ ግሪንውድ አካባቢ ማኪያቶ የሚጠጡት የቀድሞ ባለታክሲዎች ግን ሌላውን ሁሉ ትተው ቤንዚኗን ብቻ ይዘዋል። ስለዚህ በፈረንጆቹ 2022፣ ጁን ላይ፣ በከተማዋ የቤንዚን ሊትር ከ2 ዶላር በላይ ሲሸጥ፣ ካፌው ውስጥ «አሁን ይሄ መንግሥት ይሰነብታል?» የሚል ጥያቄ ከልብ ተነሳ። መንግሥት ግን እንደ ጃንሆይ ዘግይቶ አልተገኘም። የኦንታሪዮ አስተዳደር በዚያው ዓመት የታርጋውን ዓመታዊ ክፍያና ተለጣፊውን፣ በእኛ አነጋገር ቦሎውን፣ አስቀረ፤ ከጁላይ 1 ጀምሮ ደግሞ ከቤንዚኑ ታክስ በሊትር 5.7 ሳንቲም ቀነሰ። ዙፋኑ ተረፈ።

በዚያ ሰሞን ዳንፎርዝ ላይ ስሙ ከቅዱሳን ጋር የሚነሳ አንድ ፈረንጅ ነበር፤ ዳን ማክቲግ ይባላል። የቀድሞ የሊበራል ፓርቲ የፓርላማ አባል ሲሆን የነገን የቤንዚን ዋጋ ዛሬ ይናገራል። «ነገ ሦስት ሳንቲም ይጨምራል ብሏል» ከተባለ ማኪያቶው ሳያልቅ ሰው ተነስቶ ወደ ማደያ ይሮጣል። እዚያም ሦስቷን ሳንቲም ለማዳን ረጅም ሰልፍ ይይዛል፤ ሞተሩን ሳያጠፋ።

ወዳጄ ሞተር የማሳነስ ሐሳብ የመጣለት ከእንዲህ ያለው ሰልፍ ላይ ነው። የ2011 ሞዴል ቶዮታ ሲዬና ሚኒቫን አለችው፤ ባለ ቪ-ሲክስ፣ 3.5 ሊትር፣ 266 የፈረስ ጉልበት።

«266 ፈረስ!» አለኝ በመስኮት። «ፎር ኦ ዋን አውራ ጎዳና ላይ ተገትሬ 266 ፈረስ እቀልባለሁ። ለምን? ጦር ልዘምት ነው?»

ነገሩ ዕብደት እንዳይመስላችሁ። ያን የሚያህል መኪና በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሜዳ ላይ ለማስኬድ የሚፈለገው ከ30 ፈረስ በታች ነው። የቀረው ለዳገት፣ ለመቅደምና ለጉራ ነው። ትልቅ ሞተር በትንሽ ሥራ ሲያዝ አየር ማስገቢያው ጠብቦ ስለሚሠራ አየሩን ለመሳብ ብቻ ይለፋል፤ ስድስቱም ፒስተን ቢፈለግም ባይፈለግም ይፋተጋል። ስለዚህ ሥራ የፈታው ፈረስ እውነትም ቀለብ ይበላል። ካዲላክ ይህን አውቆ በ1981 ስምንት ሲሊንደር ያለው፣ ሲያሻው በስድስት፣ ሲያሻው በአራት የሚሄድ ሞተር አውጥቶ ነበር። የዘመኑ ኮምፒውተር ግን መቼ በስንት እንደሚሄድ መወሰን እያቃተው መኪናውን ያንገጫግጨው ስለነበር፣ ብዙው ባለመኪና መካኒክ ዘንድ ሄዶ ሽቦውን አስነቅሎ በስምንቱ መንዳት መረጠ።

ደግሞም ወዳጄ አዲስ አበባ ያደገ ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው መኪናን በሲሲ ነው የሚመዝነው። ለዓመታት ኤክሳይዝ ታክሱ እስከ 1300 ሲሲ 30 በመቶ፣ እስከ 1800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ ነበር። ሺህ ሲሲዋ ቪትዝ ከተማዋን ያጥለቀለቀችው በመልኳ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ በአሮጌና ባለ ትልቅ ሞተር መኪና ላይ ኤክሳይዙን እስከ 500 በመቶ ሰቀለው። ሞተር መቀየርም ቢሆን ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ቤንዚን ይጨርሳል የተባለ ላንድክሩዘር የናፍጣ ሞተር ሲገባለት፣ ዕቃው ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ሲፈለግ፣ ከዚያ ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥሩን ለማስቀየር ቢሮ ለቢሮ ሲኬድ እያየን ነው ያደግነው። ወዳጄ ቶሮንቶ ሆኖ በዚያው ልቡ አሰበ። (አዲስ አበባ ግን ጥላው ሄደች፤ በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከለከለና የሲሲው ክርክር ራሱ ቀረ። እዚያ አሁን የሚወራው ስለ ባትሪ ነው።)

ከሁሉ ይልቅ ወዳጄን ያጀገነው አንድ መረጃ ነው። ያችኑ ሲዬና ቶዮታ ራሱ በ2011 እና በ2012 ሞዴል አራት ሲሊንደር ባለው 2.7 ሊትር ሞተርም ሠርቷት ነበር። ኮፈኖው ያው፣ ሻንሲው ያው። «በልክ የተሰፋ ነው!» አለና ሳያማክረን፣ ከኋላ ተገጭታ ከወደቀች ሲዬና ላይ የወረደ ሞተር በ900 ዶላር ገዝቶ ጋራዡ ውስጥ አስቀመጠ። ባለቤቱ ያወቀችው የልጇን ብስክሌት ልታወጣ ስትገባ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቁጠባ ነው» አላት።

ስካርቦሮ ውስጥ ጋራዥ ያለው ልጅ ዘንድ አብረን ሄድን። ከዝዋይ የመጣ ትሑት ልጅ ነው፤ እጁ ዘይት ስለነበር ክርኑን ዘርግቶ ጨበጠን።

«ጋሼ፣ እዚህ አገር ሞተር ላስቀይር የሚል ሰው ሁሉ የሚመጣው ለማሳደግ ነው» አለ። «ትንሿ ማዝዳ ላይ የሸቭሮሌ ቪ-ኤይት ግጠምልኝ የሚሉኝ አሉ። አሳንስልኝ ያሉኝ እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።»

ወዳጄ እንደ ምስጋና ወሰደው። ልጁ ግን ይቆጥር ጀመር፤ ሞተሩ ብቻውን አይገባም፣ ካምቢዮው የራሱ ነው፣ ኮምፒውተሩ የራሱ ነው፣ ሽቦው ከዳር እስከ ዳር ይወጣል፣ ሞተሩ የሚቀመጥበት ጎማ ይለወጣል፣ ማርሚታው ከፊት በኩል ይቆረጣል። አንድ ቀን ልሽጣት ቢል ደግሞ አዲሱ ባለቤት በስሙ እንዲያዞራት የደኅንነት ምርመራ ወረቀት ይፈልጋል፤ ወረቀቱ የሚያገለግለው 36 ቀን ነው፤ መርማሪው ኮፈኖውን ከፍቶ የሚያየውን ሲያይ ምን እንደሚል አይታወቅም።

«ይሄ ሁሉ ስንት?»

«ለእርስዎ ስለሆነ አምስት ሺህ።»

«ለሌላ ሰውስ?»

«ለሌላ ሰው አልሠራውም።»

ካፌ ተመለስንና ሶፍት ላይ ሒሳብ ተሠራ። በአሜሪካኖቹ መለኪያ ከተማ ውስጥ ባለ ስድስቱ በጋሎን 18 ማይል፣ ባለ አራቱ 19 ማይል ይሄዳል። ልዩነቱ በሊትር ግማሽ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በመቶኛ ወደ 5 ነው። ወዳጄ በዓመት 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ቢነዳ 140 ሊትር ያህል ይተርፈዋል፤ ሊትሩ 1.50 ዶላር ሲመታ 210 ዶላር። አምስት ሺሁን ከዘጠኝ መቶው ደምራችሁ ለዚህ ብታካፍሉት 28 ዓመት ይመጣል። ማትረፍ የሚጀምረው እንግዲህ በ2050 ነው። ካናዳ የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀቷን የተጣራ ዜሮ አደርሳለሁ ብላ በሕግ የወሰነችውም ለዚያው ዓመት ነውና፣ እግዚአብሔር ካለ አብረው ይደርሳሉ።

ትንሹ ሞተር ይህን ያህል ብቻ የቆጠበበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሲዬና ባዶዋን ሁለት ቶን ትጠጋለች። 187 ፈረስ ያለው ሞተር ያን ጭኖ ፎር ኦ ዋን ላይ ሲገባ ቤንዚኑ እስከ ወለል ይረገጣል፤ ማርሹ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሞተሩ ይጮሃል፤ የተረገጠ ሞተር ደግሞ ትንሽ ነኝ ብሎ አይራራም። ቶዮታ ሞተሩን ሁለት ዓመት ሸጦ ተወው። ትንሹ ሞተር ሲዬና ውስጥ የቀናው በ2021 ነው፤ 2.5 ሊትር ሆኖ፣ በኤሌክትሪክ ሞተር ታግዞ፣ በመቶ ኪሎ ሜትር 6.5 ሊትር ያህል ብቻ ይበላል። የእኛ ባለታክሲዎች ይህን ከማንም በፊት ያውቁታል። ሴንት ቶማስ፣ ኦንታሪዮ ይሠራ የነበረው፣ ባለ 4.6 ሊትር ቪ-ኤይቱ ክራውን ቪክቶሪያ በ2011 ሲቋረጥ ያለቀሱለት በስፋቱ ነው፤ ከዚያ ካምሪ ሃይብሪድ ገዝተው የቤንዚን ደረሰኛቸውን ሲያዩ እንባቸውን ጠረጉ።

አሁን ለእኔ ዋናው ነገር ወዲህ ነው፤ ሲዬናዋ ባዶዋን ሄዳ አታውቅም። ሚኒቫን ያለው ሐበሻ መኪናው የእሱ አይደለም። ብራምፕተን ልቅሶ አለ ሲባል ስምንት ሰው ትይዛለች። ክርስትና ሲሆን ድስቱን፣ ተጣጣፊ ወንበሩን፣ እንጀራውን በካርቶን ትጭናለች። ከአየር ማረፊያ የሚመጣ ዘመድ ካለ ከነሻንጣው፣ ሻንጣው ውስጥ ካለው በርበሬና ሽሮ ጋር ከፒርሰን የምታመጣው እሷ ናት። የጤፍ ዱቄት ጆንያ ከኋላ ወንበር ሥር ዓመቱን ሙሉ ይኖራል፤ ማን እንዳስቀመጠው የሚያስታውስ የለም። የዕድሩ ሰዎች ደውለው «መኪናዋ አለች?» ይላሉ እንጂ «አለህ?» አይሉትም። እንግዲህ ይህን ሁሉ ቤንዚን የበላው ሲሊንደሩ ነው ማለት ሐሜት ነው።

ፍጥነቱም አለ። ናቹራል ሪሶርስስ ካናዳ የተባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት እንደሚለው፣ መኪና በ120 ሲነዳ በ100 ከሚበላው 20 በመቶ ያህል ይጨምራል። ወዳጄ ልቅሶ ሲሄድ በ120 ነው የሚነዳው፤ ሟቹ የሚያመልጠው ይመስል። እግሩን ትንሽ ቢያነሳ አውራ ጎዳናው ላይ ሞተሩ ከሚያተርፍለት ብዙ እጥፍ ያተርፋል፤ ያውም በነፃ።

ከሁሉም ግን የሐበሻ ስንብት ይብሳል። ቶሮንቶ ከተማ በ1996 መኪና ቆሞ ሞተሩ ዝም ብሎ እንዳይሠራ የሚከለክል ደንብ አወጣች፤ በ2010 አጠበቀችውና በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይቻልም አለች። አንድ ደቂቃ! ደንቡን ያረቀቁት ሰዎች እኛ ቤት እራት በልተው አያውቁም። ስንብት ሳሎን ይጀመራል፤ ጫማ ሲደረግ ይደገማል፤ በር ላይ ቆሞ ስለ መኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ይወራል። ከዚያ «ልጆቹ ይሙቃቸው» ተብሎ መኪናው ይነሳል። አሁን ሄዱ ስትሉ የቤቱ እመቤት በነጠላና በሰንደል ጫማ፣ በረዶ ላይ፣ በፎይል የተጠቀለለ ነገር ይዛ ትመጣለች። መስኮቱ ይወርዳል። «አይ፣ በሞትኩት፣ እቤት አለ» ይባላል። ይማላል፤ ይገዘታል። ፎይሉ ከገባ በኋላ እመቤቲቱ ክርኗን መስኮቱ ላይ ታሳርፍና «እናትሽ ግን እንዴት ናቸው?» ትላለች። ይህ ሁሉ ሲሆን ስድስቱም ሲሊንደር ይሠራል። አራት ቢሆኑ እናቲቱ ቶሎ ይድናሉ?

የወዳጄን ተስፋ የቆረጠው መካኒኩም እኔም አይደለንም፤ ኦታዋ ናት። ኤፕሪል 1 ቀን 2025 የፌዴራሉ የካርቦን ክፍያ ሲነሳ ከሊትር ላይ 17.6 ሳንቲም ወረደ። ሶፍቱ ተፈልጎ ተገኘና እንደገና ተሰላ፤ ወዳጄ በዓመት በሚያቃጥለው 2,600 ሊትር ሲባዛ 458 ዶላር ያህል ነው። ሞተሩ በሁለት ዓመት የማያመጣውን፣ ኮፈኖ ሳይከፈት፣ እሱ እንደተኛ። (በየሦስት ወሩ ትመጣ የነበረችው ተመላሽ ገንዘብም አብራ መቅረቷን ያነሳ ሰው ነበር፤ ዝም በል ተባለ።)

ባለቤቱ ከመጀመሪያውም አቋሟ አንድ ነው፤ «ግሪንውድ ጣቢያ በእግር አምስት ደቂቃ ነው። ባቡሩ ሞተር አያስቀይርም።» እኔ በግሌ ከእሷ ጋር ነኝ፤ ለእሱ ግን አልነገርኩትም፤ ወደ ቤቴ የሚያደርሰኝ እሱ ነዋ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የ2011 ወይም የ2012 ሞዴል ሲዬና፣ ባለ አራት ሲሊንደሯ፣ ኖራችሁ ሞተሯ የደከመባችሁ ካላችሁ ዳንፎርዝ ብቅ በሉ። ካንዴላው አዲስ የሆነ፣ ዘይት የማያንጠባጥብ፣ ከተገዛ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ያልተነሳ ሞተር አለ። በ900 ዶላር ተገዝቷል፤ ወዳጄ 600 ይላል፤ ሚስቱ ብታገኛችሁ በነፃ ታስይዛችኋለች። መጫኛ መኪና ግን ይዛችሁ ኑ፤ ሲዬናዋ ቅዳሜና እሑድ ተይዛለች።