«ትንሽ ዘይት»፦ በቤት ውስጥ ወጥ አሠራር ላይ የቀረበ ጥናት

ትንሽ ዘይት፣ ሐኪም ዘይት እንዲቀነስ ባዘዘበት ቤት ውስጥ ወጥ ላይ የሚጨመር የዘይት መጠን ነው። መጠኑ ከትእዛዙ በፊት ከነበረው ጋር አብዛኛውን ጊዜ እኩል ሲሆን፣ ልዩነቱ የሚታየው በአጨማመሩ ላይ ነው። ቀድሞ ዝም ተብሎ ይጨመር የነበረው አሁን «ትንሽ ብቻ ጠብ ላድርግበት» እየተባለ ይጨመራል። መለኪያው ዓይን ነው። ዓይን ደግሞ የሚያየው ድስቱን እንጂ ጀሪካኑን ስላልሆነ፣ ባለ 5 ሊትሩ ዘይት ወር ሳይሞላው ሲያልቅ ጥርጣሬው መጀመሪያ በነጋዴው፣ ቀጥሎም በሠራተኛዋ ላይ ያርፋል።

መነሻው ግን ግዴለሽነት አይደለም። በአበሻ ማዕድ ቤት ወጥ መብሰሉ የሚታወቀው ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍ ነው። ስለዚህ ዘይት ከምግብነቱ ይልቅ ምስክርነቱ ይበልጣል፤ «ዘይት ቀንሱ» ማለትም ባለሙያዋ የሙያዋን ማስረጃ እንድትሸሽግ ማዘዝ ነው። ዘይቱ ያልወጣ ወጥ የቀረበለት እንግዳ ስለ ደም ግፊት አያስብም፤ የሚያስበው ቤቱ ኑሮ እንደከበደው ወይም እንደሰሰተበት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ እንዳለው ቢነገረውም ሐሳቡን አይለውጥም።

የሚገርመው መፍትሔው እዚያው ማዕድ ቤት ውስጥ መኖሩ ነው። ቁሌት የሚያውቁ ሴቶች ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ በደረቁ፣ በለዘብተኛ እሳት ያቁላላሉ፤ ድስቱን መያዝ ሲጀምር ውሃ ጠብ እያደረጉ ያማስሉታል። ሽንኩርቱ በራሱ ውሃ ስለሚበስል ኋላ የሚገባው ዘይት ጥቂት ቢሆንም ይበቃዋል። እክሉ ጊዜው ነው። በደረቁ ከሚቁላላ ሽንኩርት አጠገብ መነሳት አይቻልም፤ ዘይት በብዛት የገባበትን ግን ትቶ ስልክ ማውራት ይቻላል። በስልክና በዘይት ፍጆታ መካከል ያለው ዝምድና የቤተሰብ ሰላምን ስለሚነካ እዚህ ላይ አይዘረዘርም።

ጾም ሥጋና ቅቤን ስለሚያስቀር የጾም ምግብ ሁሉ በተፈጥሮው ጤናማ ተደርጎ ይወሰዳል። ምስርና ሽሮ ይህ ክብር ይገባቸዋል፤ ፕሮቲንም፣ ቃጫም፣ ብረትም አላቸው። ነገር ግን የቅቤው ወንበር ባዶ አያድርም፤ ዘይት ተተክቶ ይቀመጥበታል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ ደግሞ ሳምቡሳና ፓስቲ ከአትክልት ወገን ይቆጠራሉ። የጎመን ታሪክ አሳዛኝ ነው። ቫይታሚን ሲ ሙቀት አይችልም፣ በውሃም ይሟሟል፤ ጎመኑ ቀለሙ እስኪጠፋ ይቀቀላል፣ ውሃው ይደፋል፣ ቫይታሚኑም አብሮ ይደፋል። ከዚያ ለደከመው ጎመን ብርታት እንዲሆነው ዘይት ይጨመርለታል።

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን የሚወስደው ጨው ከ5 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። «ጨው ቀንሰናል» በሚል ቤት የሚቆጠረው በመጨረሻ የሚነሰነሰው ብቻ ነው። በርበሬው ሲዘጋጅ የገባበት ጨው ያለፈ ጉዳይ ስለሆነ ክርክር አይነሣበትም።

እንጀራን በተመለከተ በጤፍ ላይ የሚቀርብ ክስ የለም። እንዲያውም ሊጡ በእርሾ መቡካቱ ሰውነት ብረቱን በተሻለ እንዲወስድ ይረዳል። ክርክሩ በቁጥሩ ላይ ነው። የታዘዘለት ሰው አንድ እንጀራ ብቻ ይበላል። ወጥ ስለተረፈው ማስጨረሻ እንጀራ ይጨመርለታል፤ እንጀራው ደግሞ ስለተረፈ ማስጨረሻ ወጥ ይወጣለታል፤ ሁለቱ እኩል የሚያልቁበት ቀን እምብዛም አይገጥምም። ጉርሻ ከዚህ ሒሳብ ውጭ ነው፤ የጎረሰው በራሱ እጅ ስላላነሣው፣ ያጎረሰውም ስላልበላው ማንም አይመዘግበውም። አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባል ከሁለት አያንስም።

ከማዕዱ በኋላ ቡና ይፈላል። ከአቦል እስከ በረካ በየሲኒው የሚገባው ስኳር ምግቡ ካለቀ በኋላ የሚመጣ በመሆኑ በዚህ ጥናት አልተካተተም።