ተመልካች የሌለበት ትርኢት

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ከባንኮክ ሲመለሱ ሻንጣቸው በአንድ ምሽት ተራግፎ አለቀ፤ ወሬያቸው ግን ገና አላለቀም። ልብስ ነጋዴ ናቸው። ፕራቱናም ከሚባለው የባንኮክ የልብስ ገበያ በጅምላ ገዝተው ለባሕር ዳር ሱቆች ያከፋፍላሉ። በዚያኛው ጉዟቸው ታዲያ ከነጋዴ ጓደኞቻቸው ጋር ፓታያ ወደምትባለው የባሕር ዳርቻ ከተማ ወረዱና አንድ ምሽት ካባሬ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ቡና በተፈላ ቁጥር ካባሬው እንደገና ይከፈታል።

አተራረካቸው እንዲህ ነው። አዳራሹ ትልቅ ሲኒማ ቤት ያክላል። ወንበሩ ቁጥር አለው። መብራት ይጠፋል፣ መጋረጃ ይገለጣል፣ ከዚያ የላባ ክንፍ ያጠለቁ፣ ከራስ እስከ እግር የሚያብረቀርቅ የለበሱ ቆነጃጅት ደረጃ ይወርዳሉ። ወንድ ተብለው ተወልደው ሴት ሆነው የሚኖሩ ናቸው። ታይላንድ በእነሱ ትርኢት ስሟ የወጣ አገር ናት፤ ፓታያ ውስጥ ቲፋኒ የሚባለው ቤት ብቻ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህንኑ ሲያሳይ ኖሯል። ዘፈኑ የተቀዳ ነው፤ መድረክ ላይ የሚንቀሳቀሰው ከንፈር ነው። ሲያበቃ ተዋንያኑ ደጅ ወጥተው ይሰለፋሉ፣ ከእነሱ ጋር ፎቶ የተነሣ ሰው ጉርሻ ይሰጣል።

«ደስ የሚለው ምኑ መሰለህ?» ይላሉ ጋሼ ታሪኩን ሲቋጩ፤ «ማንም አይነካህም። ከፍለህ ትገባለህ፣ አይተህ ትወጣለህ። እኛ አገር ግን ምሽት የሚባል ነገር የለም።»

የዘንዘልማን ያህል ከሆነ አልተሳሳቱም። ዘንዘልማ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲወጡ፣ ዓባይን ተሻግሮ የሚገኝ ሰፈር ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርናና አካባቢ ሳይንስ ኮሌጅ ግቢው እዚህ ነው። ቀን ቀን ተማሪው፣ ባጃጁ፣ ጫት የጫነው መኪና ሲተራመስ ይውላል። ማታ መድረኩን ለውሾች እንለቃለን። በውሾቹ በኩል አንድ የሚመሰገን ነገር ቢኖር የተቀዳ ድምፅ አለመጠቀማቸው ነው።

ባለቤቴን ግን «እኛ አገር» የሚለው ቃል ቆረቆራት። «ጋሼ፣ አዝማሪ ቤት ሳይሄዱ ነው እንዴ ምሽት የለም የሚሉት?»

ጋሼ ሳቁ። «አዝማሪማ ልጆች ሆነን በየሠርጉ ያየነው አይደለም? ምኑ ትርኢት ይባላል? አንድ ሰው፣ አንድ ጭራ!»

በዚህ ተያይዘን ቅዳሜ ማታ ወጣን። ይህ የሆነው ሰዓት እላፊ ከከተማችን ጋር ሳይተዋወቅ ነው። በግንቦት 2016 የተመረቀው፣ 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይም ገና በግንባታ ላይ ስለነበር በአሮጌው ድልድይ ከከባድ መኪና ኋላ ተሰልፈን ነበር የምንሻገረው። ጋሼ በመስኮት ወደ ውኃው እያዩ ስለ ፓታያ መንገድ ስፋት አስረዱን።

ባሕር ዳር ውስጥ እንግዳ ሁሉ የሚያውቃቸው ባላገሩንና ጨጨሆን የመሳሰሉ የባህል ምሽት ቤቶች አሉ። እኛ የሄድንበት ከእነሱ አነስ ያለ ነው፤ ስሙን የማልጠራው ለምን እንደሆነ በኋላ ይገባችኋል። ወለሉ ቄጠማ ተጎዝጉዞበታል፣ በርጩማው በየመሶቡ ዙሪያ ተደርድሯል፣ ጠጁ በብርሌ ይዞራል። ጋሼ ገና ከበሩ ቆመው ዓይናቸውን አንከራተቱ።

«መድረኩ የታለ?»

መድረክ የለም። ቁጥር ያለው ወንበርም የለም። ጋሼ ቤቱን ቃኝተው ከምሰሶ ጀርባ ያለችውን ጥግ መረጡ። «እዚህ ሆነን ጸጥ ብለን እናያለን» አሉ። አዝማሪ ቤት ጥግ መያዝ ማለት ግን ለአዝማሪው «እኔ ጋ ቅመም ያለው ወሬ አለ» ብሎ ምልክት መስጠት ነው። ፊት ለፊት የሚቀመጥ ሰው ለመክፈል የመጣ ነው፤ ጥግ የሚይዘው የሚደብቀው ነገር ያለው ነው።

አስተናጋጇ ጠጁን ስትቀዳ ጨዋታ ጀመረች። ከየት መጡ? ሥራዎ ምንድን ነው? ከእርስዎ ጋር ያሉት እኅትዎ ናቸው? ጋሼ እንግዳ ተቀባይነቷ ልባቸውን ነክቶት ሁሉንም በዝርዝር መለሱ፤ ባንኮክንም ጨመሩበት። ልጅቷ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ስትመለስ መንገዷ በአዝማሪው አጠገብ ነበር። ጥቂት ቆም አለች።

እዚህ ላይ ስለ አዝማሪ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ነው፤ ጎንደር አጠገብ እንዳለችው እንደ ቡርቧክስ ያሉ፣ በአዝማሪዎቻቸው የታወቁ መንደሮች አሉ። ባለሙያዎቹ እርስ በርስ የሚግባቡበት፣ ሌላው የማይሰማው የራሳቸው ቋንቋም አላቸው። የሴም ቋንቋዎች ሊቅ የነበረው ቮልፍ ሌስላው በ1964 እ.ኤ.አ. ጽፎበታል። ስለዚህ ማሲንቆ መቺውና ዘፋኟ እፊታችሁ ቆመው ስለ ኪሳችሁ ቢመክሩ የምታዩት ፈገግታቸውን ብቻ ነው።

ማሲንቆው አንድ ጊዜ አቃሰተ፣ ከበሮው ተከተለው። በመጀመሪያ ቤቱን በጅምላ አወደሱ፤ ይህ ለሁሉም የሚደርስ፣ ማንም የማይከፍልበት ነው። ከዚያ ችርቻሮው ተጀመረ። አዝማሪው በየመሶቡ እየዞረ አንዱን ስለ ራሰ በራው፣ አንዱን ስለ ጎኑ ቆንጆ፣ አንዱን ባዶ ስለሆነው ብርሌው ገጠመለት። የተገጠመለት ሰው ይነሣል፣ ብር አውጥቶ የአዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፋል፣ ቤቱ ያጨበጭባል። ጋሼ ከምሰሶው ጀርባ ሆነው በሰው ላይ ከልባቸው ሳቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ ማሲንቆው ከምሰሶው ጀርባ ደረሰ።

ሰው ሁሉ ያወራል ባንኮክ ደርሶ መጣ፣
እጁ ወዴት ቀረ ከኪሱ ሳይወጣ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጋሼ እንደ ማንኛውም ተመልካች ማን እንደተነካ ለማየት ዞር አሉ። ሰው ሁሉ የሚያየው እሳቸውን ነው። «ደርሶ መጣ ነው ያለው?» አሉኝ በጆሮዬ፤ «እኔን?» ተግሣጹ ሳይሆን አንቱታው መቅረቱ ነው ያስደነገጣቸው። ግጥም አንቱታ አያውቅም። ያው አዝማሪ ግጥሙን ሲጨርስ እጅ ነሥቶ «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፤ ግጥሙ ውስጥ ግን ሚኒስትሩም ባጃጅ ነጂውም «እሱ» ነው። ድፍን መቶ ብር ግንባሩ ላይ ተለጠፈ፤ ላቡ አልይዝ ብሎት ወደቀ፤ ዘፋኟ ከመሬት ሳይደርስ ቀለበችው።

ቀጥሎ ተረኛው እኔ ነበርኩ። ለካ ጋሼ ስለ ባንኮክ ሲያወሩ ስለ እኔም መኖሪያ አውርተዋል።

ዘንዘልማ ነው ቤቱ ድልድዩን ተሻግሮ፣
አንገቱን ደፋብኝ ደመወዙን ቆጥሮ።

ቀና ብል የሚገጥመኝ ሌላ ግጥም ነው፤ ስለዚህ እንዳቀረቀርኩ ከፈልኩ። መጽናኛ ፍለጋ ወደ ባለቤቴ ብዞር ቆማ አገኘኋት። እጇን አንሥታ «ተቀበል!» አለች።

አዝማሪ ቤት ያልገባ ሰው ካለ፣ «ተቀበል» ማለት የአፍ ኪራይ ነው። እንግዳው ስንኙን ይሰጣል፣ አዝማሪው እየተቀበለ በዜማ ያወጣዋል። በገዛ አፋችሁ ብትናገሩት ጠብ የሚያስነሣው ነገር በአዝማሪ አፍ ሲያልፍ ጨዋታ ይሆናል። ባለቤቴ በትዳራችን ውስጥ ያላነሣችው ጥያቄ እንዳለ ያወቅሁት፣ አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው ከእኔ እኩል ሲሰማው ነው።

በወንድሜ ሰበብ ምሽት አየሁ ዛሬ፣
እንግዳ ባይመጣ መች ወጣሁ ካጥሬ።

ሴቶቹ እልል አሉ። ከወዲያኛው መሶብ አንዲት የማላውቃት እመቤት ብር አውጥታ በባለቤቴ ስም ሸለመች። የቤቱን ስም ለምን እንደማልጠራው አሁን ሳይገባችሁ አይቀርም፤ ምስክሮቹ አሁንም እዚያው ያመሻሉ።

ይህ ያሻን የመናገር ነፃነት ግን ለአዝማሪው ሁልጊዜ በመቶ ብር የሚያልቅ አልነበረም። በ1845 ዓ.ም. የጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ከካሳ ኃይሉ፣ ከኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ጉር አምባ ላይ ሲገጥሙ፣ የጎሹ አዝማሪ ካሳን በግጥም አብጠልጥሎ ነበር። ጎሹ ወደቁ፣ አዝማሪው ተማረከ። ካሳ «ምን ነበር ያልከኝ?» ብለው ሲጠይቁት ግጥም የለመደ አፉ አሁንም አላረፈም፤ ለእንዲህ ያለው ቀላማጅ ሽመል ሲያንሰው ነው የሚል ስንኝ በራሱ ላይ ገጠመ። አስቃቸዋለሁ፣ ይምሩኛል ብሎ ነው። ካሳ ግን ስንኙን እንደ ፍርድ ቆጥረው አጸደቁት፤ በሽመል ሞተ ይባላል። ጣሊያንም ቢሆን በየካቲት 12 ቀን 1929 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ አሳድዶ ከገደላቸው መካከል ጠንቋዮችና አዝማሪዎች ነበሩበት። አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ የታጠቀ ሠራዊት አንድ የፈረስ ጭራ አስፈራው። ጋሼ «አንድ ሰው፣ አንድ ጭራ» ያሉትን ግራዚያኒ ቀድሟቸው አስቦበታል፤ እሱ ግን አልሳቀም።

እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ጋሼ ከምሰሶው ጀርባ የሉም። ኮታቸው በርጩማው ላይ ነው፤ እሳቸው መሐል ናቸው። ከዘፋኟ ጋር ፊት ለፊት ተጋጥመው ትከሻቸውን ያንቀጠቅጣሉ። የፓታያን ደረጃ የወረዱት ቆነጃጅት ላባ ነበራቸው፤ ጋሼ ግንባራቸው ላይ አንድ አድናቂ የለጠፈላቸው ሃምሳ ብር አለ። የነጋዴ ትንፋሽ እስክስታን ብዙ አይችልምና ድንገት ቆሙ፣ ደረታቸውን ይዘው ቤቱን ዞረው አዩ፣ ከዚያ በሙሉ ድምፃቸው፦

«ተቀበል!»

ቲኬት ቆርጬ አየሁ ሰው አገር መድረክ ላይ፣
እዚህ ግን እኔን ነው ሕዝብ ሁሉ የሚያይ።

ይህን ሲሉ ቅር ብሏቸው ይሁን ደስ ብሏቸው፣ ከፊታቸው ማንበብ አልተቻለም። ነገሩን ግን ጨብጠውታል። አዝማሪ ቤት ተመልካች የሚባል ሰው የለም። ግጥሙን የሚያዋጣው እንግዳው ነው፣ ሳቁን የሚያዋጣው ጎረቤቱ ነው፣ ዋናው ተዋናይ ደግሞ የዕለቱ ተነካሽ ነው። አዝማሪው የሚያደርገው ይህን ሁሉ ከየመሶቡ ለቅሞ በአንድ ጭራ ማያያዝ ነው። ለዚህ ነው ዘፈኑ ተቀድቶ የማይሠራው፤ ስለ ጋሼ የተገጠመው ስንኝ ጋሼ በሌሉበት ቤት ነገ ማንንም አያስቅም። አዲስ አበቤዎችም ይህን ያውቁታል፤ ካዛንቺስ በአዝማሪ ቤቶቹ ስም ያወጣው፣ የዳንሰኛው የመላኩ በላይ ፈንድቃም ከዓለም ዙሪያ እንግዳ የሳበው፣ ሰው ለመታየት ጭምር ወደዚያ ይሄድ ስለነበር ነው። ፓታያ ተመልካቹን በጨለማ ሸፍኖ መድረኩን ያበራል። እኛ ጋ መብራቱ የሚበራው እንግዳው ላይ ነው፤ ሒሳቡንም የሚከፍለው እሱ ነው።

ስንወጣ በሩ ላይ ሁለት ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት ሳይሆኑ አይቀሩም፣ ጋሼን አስቆሟቸው። ሌሊቱን በሙሉ በስልካቸው ሲቀርጿቸው ነበር። አንድ ፎቶ አብረዋቸው መነሣት ፈልገዋል። ጋሼ በክብር መሐል ገቡ፣ ኮታቸውን አስተካከሉ፣ ትከሻቸውን በመጠኑ ነቅነቅ አደረጉ። ፎቶው ሲያበቃ ሰውዬው ሁለት መቶ ብር አውጥቶ እጃቸው ላይ አኖረ።

ባለቤቴ «ጋሼ፣ አይመልሱለትም እንዴ?» አለች።

«ለምን ብዬ?» አሉ ብሩን እያጠፉ፤ «ሥራ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ጋሼ ባንኮክ ተመላልሰዋል፤ ፓታያ ግን አልወረዱም። ቡና ሲፈላ የሚነሣው ርእስም ተለውጧል፤ አሁን የሚያሳስባቸው ቤት የሚመታ ስንኝ ነው። የጨርቅ ዋጋ በሚጽፉበት ደብተር ጀርባ ግጥም ይሞክራሉ፣ ለእኔ ያነቡልኛል፣ እኔም ጥቃቱ በማን ላይ እንደሆነ ሳላጣራ አላደንቅም።

ወደ ባሕር ዳር ለሚመጣ እንግዳ ምክሬ ይኸው ነው። አዝማሪ ቤት ሲገቡ ግጥም የሌለዎት ዝርዝር ብር ይያዙ። ዝርዝር የሌለዎት ግጥም ይያዙ። ባለቤትዎን ይዘው ከመጡ ደግሞ ቀድመው ይታረቁ። ከሦስቱ አንዱንም የማይችል ሰው ካለ ታይላንድ ይሻለዋል፤ እዚያ ቲኬት ብቻ በቂ ነው።