ፌስታል፣ ሰማይና እኛ ድሬዎች

ድሬ ላይ ቀና ብሎ ሰማይ የሚያይ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ ደመና የሚፈልግ፣ ወይ ነፋስ ፌስታሉን የነጠቀው። ከሌላ ዓለም ይመጣሉ የሚባሉትን ፍጡራን የሚጠብቅ ሦስተኛ ዓይነት የተጨመረው እኛ ግቢ ፊልም ከታየ ወዲህ ነው።

ፊልሙ «ክራምብስ» ይባላል። ሚጌል ያንሶ የተባለ ስፔናዊ እዚሁ አገራችን ቀርጾ በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው፤ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ይሠሩበታል። ዓለም ካለቀላት በኋላ ሰማይ ላይ ትልቅ መንኮራኩር ተንጠልጥሏል፤ ምድር ላይ የተረፉት ሰዎች ደግሞ የእኛን ዘመን የፕላስቲክ አሻንጉሊት እንደ ብርቅ ቅርስ ያዩታል። ጎረቤቴ በርጫው ላይ ጋደም እንዳለ፣ «አቦ፣ ይሄ ምኑ ነው ልብ ወለድ? ደቻቱ ወርደው የቀረጹት ነው የሚመስለው!» አለና የጫቱን ፌስታል ጠቅልሎ በአጥሩ ላይ ወረወረው። ከአጥሩ ማዶ የደቻቱ ወንዝ ነው።

ፍጡራኑ ከሰማይ ቢመጡስ የት ያርፋሉ? ደቻቱ ላይ፣ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ሰፊ ነው፣ ክረምት ካልሆነ ደረቅ አሸዋ ነው። ባለባጃጁ ልጅ ወዲያው፣ «ኮንትራት ከሆነ እኔ አለሁ» አለ። የግቢያችን እናት አዴ ግን የታያቸው መስተንግዶው ነው፤ «ሙቀታችንን አልለመዱም፣ ቀዝቃዛ ውሃ ይቅረብላቸው፤ ሲመለሱም ባዶ እጃቸውን አይሄዱም፣ ሐላዋና ሙሸበክ እናሲዛቸዋለን» አሉ። በምን? በፌስታል ነዋ!

እኔን የሚያሳስበኝ አገራቸው ገብተው የሚጽፉት ሪፖርት ነው። «የዚህች ፕላኔት ገዥ ፌስታል ይባላል። ክንፍ ሳይኖረው ይበርራል፤ ዙፋኑ የግራር ጫፍ ነው። ሁለት እግር ያላቸው አሽከሮቹ ጠዋት ከአሸዋና ከታይዋን ገበያዎች አንጠልጥለው ቤት ያስገቡታል፤ ማታ ወደ ወንዝ ይሸኙታል። የሚደፍረው ፍየል ብቻ ነው፤ እሱንም ሆዱ ውስጥ ገብቶ ይበቀለዋል።»

አሜሪካኖች በ1977 እ.ኤ.አ. ቮዬጀር በተባሉት ሁለት መንኮራኩሮች ላይ በወርቅ የተለበጠ ሸክላ ጭነው፣ በ55 ቋንቋ ሰላምታ ወደ ጠፈር ልከዋል። አማርኛ የለበትም፤ ኦሮምኛም ሶማሊኛም የሉበትም። በአንድ አረፍተ ነገር ሦስቱንም የሚያወራ ከተማ እያለ! ቢሆንም ቅር አላለንም። የእኛን መልእክት የከሰዓት ነፋስ በየቀኑ ሽቅብ ያደርስልናል፤ ጥቁር አለው፣ ቢጫ አለው፣ ሰማያዊም አለው።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ የ1999 ዓ.ም. አዋጅ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊሜትር በታች የሆነ ፌስታል ለማምረትም ሆነ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሏል። በ2017 ዓ.ም. የወጣው ደግሞ አንዴ ተጠቅመን የምንጥለውን ጭራሹኑ አገደ፤ ይዞ የተገኘ ይቀጣል። እኔ ዜናውን ስሰማ ምን አደረግሁ? ከወጥ ቤት በር ኋላ የተንጠለጠለውን፣ ፌስታሎች የታጨቁበትን ትልቅ ፌስታል አወረድኩና መኝታ ቤት አዛወርኩት። ዓለም ስታልቅ ሀብታሟ እኔ ነኝ።

ደቻቱ ቀልድ እንደማያውቅ ግን ሁላችንም እናውቃለን። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ደርሶ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ስለዚህ የውሃ መውረጃ መድፈን ነውር ነው ብለን በየስብሰባው እንስማማለን። እንደ እኛ የሚስማማ ሰው የለም። ስብሰባው ሲበተን የጠጣንበት ሃይላንድ የት ይገኛል? መውረጃው ውስጥ።

የሰፈራችን ስብሰባ ማሳረጊያው አንድ ነው፤ «ጉዳዩ በበላይ አካል ይታይልን»። ባለፈው አንዲት ልጅ ከኋላ እጇን አውጥታ፣ «የበላይ አካል ካልመጣ፣ እነዚያ ከሰማይ የሚወርዱት ቆሻሻውን ቢያነሱልንስ?» ብላ ጠየቀች። ሳቅን። ሰብሳቢያችን ብቻ አልሳቀም። መነጽሩን አስተካከለና፣ «ይችላሉ» አለ፤ «ግን ማኅተም ያለበት የትብብር ደብዳቤ ይዘው ይምጡ።»