ጥያቄ አታብዙ፤ ረዳት መጥቶላችኋል

የቢሮ ሰው ውለታ አያውቅም። ደብዳቤ የሚጽፍለት፣ ስብሰባ የሚከታተልለት፣ ሰንጠረዥ የሚሞላለት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወርድና ኤክሴሉ ውስጥ ገብቶ «ምን ልርዳዎት?» እያለው፣ እሱ ከማመስገን ይልቅ የጥያቄ መዓት ያወርዳል። ፋይሌን ያነባል ወይ? ለአለቃዬ ያወራብኛል ወይ? ይሳሳታል ወይ? እንጀራዬን ይነጥቀኛል ወይ? የሁሉም ማሳረጊያ ደግሞ «እንዴት ነው የሚጠፋው?» የሚለው ነው። እንግዳ ገና እግሩ ሳይገባ መውጫውን መጠየቅ ከማን የተማርነው ነውር ነው?

እንግዲህ ጠበቃው እኔ ነኝ። በቅድሚያ ዋጋውን ልናገርና ሆዳችሁ ይረጋ። ማይክሮሶፍት ኮፓይለት ያለውን ይህን የቢሮ ረዳት እ.ኤ.አ. ማርች 2023 አስተዋወቀ፤ ኖቬምበር 1 ቀን ደግሞ ለትልልቅ ድርጅቶች ገበያ ላይ አዋለው። ዋጋው በአንድ ሠራተኛ በወር 30 ዶላር ነበር፣ ያውም ለወርድና ለኤክሴሉ ከሚከፈለው ሌላ። ከ300 ሰው በታች ይዞ የመጣ ድርጅት መጀመሪያ ላይ በሩም አይከፈትለትም ነበር። 300 ሰው በ30 ዶላር ለ12 ወር 108,000 ዶላር ይሆናል። ይህን ያባዛሁት በእጄ ነው፤ ለምን ረዳቱን እንዳላዘዝኩት ቆይታችሁ ታያላችሁ። ወደ ብር አልመነዝረውም፤ ጽሑፉን የመንግሥት ደሞዝተኛም ሊያነበው ይችላልና። በጃንዋሪ 2024 የ300ው ገደብ ስለተነሣ አሁን ትንሹም ቢሮ ከጸጋው ተካፋይ ነው።

ጥሩ ደብዳቤ ይጽፋል ወይ ትላላችሁ። ይህ የመሣሪያውን አሠራር ካለማወቅ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ከረዳቱ ጀርባ ያሉት የቋንቋ ሞዴሎች ስፍር ቁጥር የሌለው ጽሑፍ አንብበው ከአንድ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚችል መገመት የተማሩ ናቸው። ታዲያ ይህ ለእኛ ቢሮ ምኑ አዲስ ነው? «ጉዳዩ፦» ከተባለ ማሰሪያው «ይመለከታል» ነው። «ከላይ በርዕሱ» ከተባለ «ለመግለጽ እንደተሞከረው» ይከተላል። «ለሚደረግልን ትብብር» ተብሎ «በቅድሚያ እናመሰግናለን» ያልተባለበት ዘመን የለም። ለዚህ ግምት ፈረንጆቹ ቢሊዮን ዶላሮች የፈሰሱባቸውን የመረጃ ማዕከላት ገነቡ፤ የእኛ መዝገብ ቤት መብራት ጠፍቶም ይገምተዋል። ስለዚህ ረዳቱ ቢሯችን ሲገባ የሚያገኘው ተማሪ እንዳይመስለው፤ የሙያ ባልደረቦቹን ነው።

እርግጥ ነው፣ በርዝመት ይበልጠናል። «የሦስተኛ ፎቅ ወንበር ስለተሰበረ ይጠገን» ብላችሁ ብትሰጡት መግቢያ፣ ዓላማ፣ የሚጠበቅ ውጤትና የስጋት ትንተና ያለው ገጽ ተኩል ይመልስላችኋል። ተቀባዩም ሞኝ አይደለም፤ እሱም ረዳት አለው፣ «አሳጥርልኝ» ይላል። የተመለሰለት አንድ መስመር «የቢሮ ዕቃ አያያዝ ትኩረት ይሻል» የሚል ነው። በዚህም መሠረት ትኩረት ይሰጠዋል። ወንበሩ በሦስት እግሩ ቆሞ ይጠብቃል።

ስብሰባ ላይ ግን ደንበኛዬን ትንሽ ልወቅሰው ይፈቀድልኝ፤ እዚህ ጋ ገና ልጅ ነው። በኦንላይን መሰብሰቢያው በቲምስ ላይ ተቀምጦ የተባለውን ሁሉ ይሰማል፣ ይመዘግባል፣ ያጠቃልላል። ችግሩም ይኸው ነው። ቃለ ጉባኤ የሚያዘው የተባለውን ለመጻፍ የሚመስለው ቢሮ ያላደገ ብቻ ነው። ነባሩ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሁለት ኃላፊዎች ጠረጴዛ ሲደበድቡ ካመሹ በኋላ «በጉዳዩ ላይ ሰፊ ውይይት ተደርጎበታል» ብሎ ያልፋል። ማንም ምንም ያልወሰነበትን «አቅጣጫ ተቀምጧል» ይለዋል። ሰብሳቢው ብቻ ተናግሮ ሌላው ስልኩን ሲነካካ የዋለበት «በሙሉ ድምፅ» ይጸድቃል። ይህ ሃያ ዓመት ያስተማረው ሙያ ነው፤ ስንት ትዳርና ስንት ሹመት በዚህ እንደዳነ አይቆጠርም። ኮፓይለት ግን ማን ምን እንዳለ በስሙ ያወጣዋል። «አቶ እገሌ በጀቱ የት እንደገባ ጠየቁ፤ ምላሽ አልተሰጠም» ብሎ በነጥብ አስቀምጦ ለተሰብሳቢው ሁሉ ያዳርሳል። ሥራ አስኪያጁ ቀድመው ከወጡ በኋላ ማይኩ ሳይዘጋ የቀረውን ሐሜትም፣ ቀረጻው እስካልቆመ ድረስ፣ እንደ አጀንዳ ይይዘዋል። በዚህ ላይ አበል አይጠይቅም። ሦስት ሰዓት ሙሉ ያለ አበል ስብሰባ የሚሰማ ፍጡር ጤንነቱን መጠርጠር ይገባል።

ወደ ፋይሉ እንሂድ። ሰነዳችሁን አንብቦ ሞዴሉን ያሠለጥንበታል የሚለውን ፍርሃት ተዉት፤ ኩባንያው ለድርጅት ደንበኞቹ ይህን እንደማያደርግ በጽሑፍ ቃል ገብቷል። ረዳቱ የሚያየውም እናንተ እንድታዩ የተፈቀደላችሁን ብቻ ነው። ከዚህ የበለጠ ጨዋነት ምን አለ? ታዲያ ጣጣው የመጣው ከእናንተው ነው። የዛሬ አምስት ዓመት የአይቲ ክፍሉ ልጅ ጥያቄ ሲበዛበት «ለሁሉም ሠራተኛ ክፍት» አድርጎት የሄደ ፎልደር አለ። ውስጡ የደሞዝ ዝርዝር አለበት፣ የዲሲፕሊን ውሳኔ አለበት፣ ገና ያልተነገረው የመዋቅር ለውጥ አለበት። እስከ ዛሬ ማንም አላየውም፤ «አዲሱ ፋይናል 2 የመጨረሻ» የሚል ስም ያለውን ፋይል ፈልጎ የሚያገኝ ሰው አልተወለደምና። ምስጢራችን ተጠብቆ የኖረው በቁልፍ ሳይሆን በዝርክርክነት ነው። አሁን አንዱ ጀማሪ «የመምሪያ ኃላፊው ስንት ይከፈላቸዋል?» ብሎ ቢጽፍ፣ ረዳቱ በትሕትና ፈልጎ፣ ምንጩን ጠቅሶ ያቀርብለታል። ግልጽነት ግልጽነት እያሉ በየግድግዳው የዜጎች ቻርተር ሲለጥፉ የኖሩ ሰዎች ዛሬ ምን አስደነገጣቸው?

በጁን 2025 ደግሞ የደኅንነት ተመራማሪዎች «ኤኮሊክ» ያሉትን ቀዳዳ ይፋ አደረጉ። ጠላት አንድ ኢሜይል ይልካል፤ ተቀባዩ መጫን አያስፈልገውም፣ መክፈትም አያስፈልገውም። በጽሑፉ ውስጥ የተደበቀው ትእዛዝ ለሰውዬው ሳይሆን ለረዳቱ የተጻፈ ነው፤ ሰውዬው በሌላ ቀን ረዳቱን አንድ ነገር ሲጠይቀው ያ ትእዛዝ አብሮ ይነሣና የውስጥ መረጃ ወደ ውጭ ያሾልካል። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን ደፍኖታል፤ የተጎዳ ደንበኛም የለም ብሏል። እኔን የገረመኝ የምርምሩ መዘግየት ነው። የባለሥልጣን በር በጸሐፊዋ በኩል እንደሚከፈት የአዲስ አበባ ባለጉዳይ ካወቀው ስንት ዘመኑ!

ይሳሳታል ወይ? ከዚህ በላይ የሚያናድደኝ ጥያቄ የለም፤ አምራቹ ራሱ ነግሯችሁ የለም እንዴ? በኦገስት 2025 ረዳቱን በኤክሴል ሴል ውስጥ እንደ ማንኛውም ፎርሙላ መጥራት የሚቻልበት መንገድ ለሙከራ ተለቀቀ። አብሮት የወጣው መመሪያ ትክክለኛነት ለሚያስፈልገው ሥራ፣ ተደጋግሞ ቢሠራ አንድ ዓይነት ውጤት መስጠት ላለበት ሥራ፣ ለቁጥር ስሌት፣ ለፋይናንስ ሪፖርትና ለሕግ ሰነድ አትጠቀሙበት ይላል። ተነቃፊ አይደለም፤ ኤክሴል የሚከፈተው ለሰም ለበስ ቅኔ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ለዚህ ነው ከላይ ያለችውን 108,000 በእጄ ያባዛኋት።

ደግሞ ስህተት ማለት ሰው ሲያየው አይደል? ዴሎይት የተባለው አማካሪ ድርጅት ለአውስትራሊያ መንግሥት የሥራና ሠራተኛ መሥሪያ ቤት 440,000 የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ የተከፈለበት ሪፖርት አዘጋጀ። የሌሉ ጥናቶች ተጠቅሰውበታል፤ ዳኛ ያላሉት ቃልም በፍርድ ቤት ውሳኔ ስም ገብቶበታል። ሥራው ላይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መግባቱ በኋላ በተስተካከለው እትም ተገለጸ፤ በኦክቶበር 2025ም ድርጅቱ ከክፍያው የመጨረሻውን ድርሻ ሊመልስ ተስማማ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ጥፋተኛው ግልጽ ነው። አንድ የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ሪፖርቱን አነበቡት! የአማካሪ ሪፖርት በክብር ተረክቦ መደርደሪያ ላይ ማኖር እያለ፣ ገልጦ ማጣቀሻ መቁጠር የምን አስተዳደግ ነው? ማንም ባያነበው ኖሮ ሪፖርቱ ዛሬም ትክክል ነበር።

ኃላፊነቱ የማን ነው ለምትሉ፣ መልሱ ከረዳቱ የመልስ ሳጥን ግርጌ በደቃቃ ፊደል ተጽፏል፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተዘጋጀ ስለሆነ ስህተት ሊኖርበት ይችላል ይላል። ይኸውም የእናንተ ነው ማለት ነው። በቤተ መንግሥቱ ዘመን ማኅተሙን የሚይዘውና በንጉሡ ስም የሚጽፈው ጸሐፌ ትእዛዝ ነበር፤ ነገር ሲበላሽ የሚነሣም እሱ ነው። ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ሥልጣናቸው ሲገዝፍ እ.ኤ.አ. በ1955 ከቦታቸው ተነሥተው አርሲን እንዲገዙ ተላኩ። ኮፓይለትን ማን አርሲ ይልከዋል? የሚላከው ፈራሚው ነው። ስለዚህ «እንጀራዬን ይነጥቀኛል ወይ» ብላችሁ አትጨነቁ። ቲተር የሚመታበት፣ ኦዲተር ሲመጣ የሚጠራ ስም ያለው ሰው ቢሮው ምንጊዜም ያስፈልገዋል። መጻፉ ይቀርላችሁ ይሆናል እንጂ መጠየቁ አይቀርባችሁም።

ጊዜ ይቆጥባል ወይ ለሚለው ማስረጃ አለኝ። የእንግሊዝ መንግሥት በ2024 መጨረሻ ለሦስት ወር 20,000 ሠራተኞቹን ረዳቱን አስሞክሮ በቀን በአማካይ 26 ደቂቃ ተርፏል አለ። በምን ተለካ? ሠራተኞቹን «ስንት ደቂቃ ተረፋችሁ?» ብለው ጠይቀው። እንዲህ ያለ የምዘና ጥበብ ለእኛም ሲቪል ሰርቪስ ቢደርስ ምን ያህል በተመሰገንን! እዚያው አገር የንግድ ሚኒስቴሩ በ1,000 ላይሰንስ ለብቻው ባካሄደው ግምገማ ግን የተረፈው ጊዜ ወደ ምርታማነት ስለመለወጡ አጥጋቢ ማስረጃ አላገኘሁም አለ። ኤክሴል ላይ እንዲያውም ከረዳቱ ጋር የሠሩት ዘግይተውና ጥራቱ ዝቅ ያለ ውጤት ይዘው መጡ። ምቀኛ ከየትም አይጠፋም።

እኛ በዚህ አንደናገጥም፤ ልምድ አለን። የሥራ ሂደትን መልሶ የሚያዋቅረው ቢፒአር መጣ፣ ሥራው «ከመሠረቱ» ተጠና፤ ባለጉዳዩ በአዲሱ ፍሰት መሠረት በአዲስ ወንበር ተቀምጦ ጠበቀ። የውጤት መመዘኛው ቢኤስሲ መጣ፣ ሁሉም ውጤቱን ራሱ ሞልቶ ከዘጠና በላይ አገኘ። የጃፓኖቹ ካይዘን መጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ኢንስቲትዩት ተቋቋመለት፣ ሰሌዳ ተሰቀለ፣ መሳቢያዎች ተጠረጉ። በእነዚህ ሁሉ መካከል «ይህ ደብዳቤ መጀመሪያውኑ ለምን ይጻፋል?» ብሎ የጠየቀ የለም፤ ኮፓይለትም አይጠይቅም፤ ለዚህ ነው የምወደው። «ሲስተም የለም» ለሚለው የቀደመ መልሳችንም ምትክ አምጥቶልናል። ከእንግዲህ በመስኮቱ የሚሰማው «ረዳቱ እንዲህ ነው ያለው» ይሆናል፤ ይግባኝ የለውም።

አሁን ወደዚያ ውለታ ቢስ ጥያቄ፣ እንዴት ይጠፋል ወደሚለው። ትልልቆቹ ያስታውሳሉ፤ ከኦፊስ 97 ጋር ክሊፒ የሚባል ዓይናማ የወረቀት ማያያዣ መጥቶ ነበር። ደብዳቤ ስትጀምሩ ብቅ እያለ ላግዝ ይል ነበር፤ ሰው ሁሉ ጠላው፣ በ2001 ከፊት ተነሣ፣ በኦፊስ 2007 ጭራሽ ቀረ። ስህተቱ ዋጋ አለመጠየቁ ነው፤ የዛሬዎቹ ግን ይጠይቃሉ። በ2025 መጀመሪያ ጉግል ጄሚናይ የተባለውን የራሱን ረዳት ከድርጅት ጥቅሎቹ ጋር አዋሕዶ ዋጋ ጨመረ። ማይክሮሶፍትም ለቤት ተጠቃሚዎች ኮፓይለትን ከኦፊሱ ጋር አስሮ ዋጋውን ከፍ አደረገ፤ አውስትራሊያ ውስጥ የግለሰቡ ዓመታዊ ክፍያ ከ109 ወደ 159 የአገሩ ዶላር ወጣ። የአገሪቱ የውድድርና የሸማቾች ኮሚሽን በኦክቶበር 2025 ኩባንያውን ከሰሰ፤ ረዳት የሌለበት በድሮው ዋጋ የሚገኝ ጥቅል እያለ 2.7 ሚሊዮን ያህል ደንበኞች እንዲያውቁት አልተደረገም ሲል። ጥቅሉ የተገኘው «ደንበኝነቴን ሰርዙልኝ» የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ መንገዱን ለጀመረ ሰው ነው። ለቀሩት ወይ ጭማሪውን መክፈል ነበር፣ ወይ መተው። በኖቬምበር ኩባንያው ለደንበኞቹ የይቅርታ ኢሜይል ላከ፤ ወደ ርካሹ ለሚመለሱም ልዩነቱን እመልሳለሁ አለ። ይቅርታውን ሰው ይጻፈው ረዳቱ፣ ከግርጌው የተጻፈ ነገር የለም።