ለስድስት ጠረጴዛ የሚሆን ሶፍትዌር

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ስድስት ጠረጴዛ ዘርግቶ ዓሣ ለብለብ የሚሸጥ ነጋዴ ዛሬ ከባድ ውሳኔ ተደቅኖበታል። ዓሣው ከቻሞ ሐይቅ በሰዓቱ ይደርሳል ወይ፣ ዘይት ስንት ገባ፣ የሄደችውን አስተናጋጅ ማን ይተካት የሚሉት አይደሉም ያስጨነቁት፤ እነዚህ ላልዘመነ ነጋዴ የተተዉ ተራ ጉዳዮች ናቸው። የዘመኑ ጥያቄ «ዌብሳይት ላሠራ ወይስ ሶፍትዌር?» የሚል ነው። ላፕቶፑን አንግቶ የሚመጣው ባለሙያ ሦስተኛ አማራጭ አያቀርብም፤ ካቀረበም ሁለቱን አንድ ላይ መግዛት ነው፣ ለእሱም ቅናሽ ተዘጋጅቷል። ይህን ልማድ የሚነቅፉ ሰዎች አሉ። እኔ ግን ላወድሰው ተነሥቻለሁ፤ ሰው ገንዘቡን ሲበትን ቢያንስ ምን እንደገዛ ተዘርዝሮ ሊነገረው ይገባልና።

ከዌብሳይቱ እንጀምር። ገጹ ሲከፈት «ራዕያችን» ይላል፤ ራዕዩም ቤቱን እስከ 2030 ድረስ በምሥራቅ አፍሪካ ተመራጭ ማድረግ ነው። ኬንያና ታንዛኒያ ገና አልሰሙም እንጂ ቀኑ ተቆርጦላቸዋል። ቀጥሎ «ተልዕኳችን» እና «እሴቶቻችን» ይመጣሉ፤ ከእሴቶቹ መካከል ግልጽነት አለ፣ የምግቡ ዋጋ ዝርዝር ግን የለም። ከኢንተርኔት የተለቀመው ፎቶ በሎሚ ያጌጠ ቀይ ሥጋ ያለው የባሕር ዓሣ ያሳያል፤ ቻሞ ውስጥ ዘሩም ተፈጥሮ አያውቅም። «ዜና» የሚለው ክፍል የምረቃውን ዕለት ዘግቦ ዝም ብሏል። «ያግኙን» በሚለው ሣጥን የተጻፈ መልእክት ማንም ወደማይከፍተው ኢሜይል ይሄዳል፤ አድራሻው ደግሞ «አርባ ምንጭ፣ ኢትዮጵያ» ተብሎ በሚገባ ተብራርቷል። ከላይኛው የከተማዋ ክፍል ከሴቻ በባጃጅ የሚወርደው ደንበኛ ቤቱን የሚያገኘው በዳጣው ዝና እንደሆነ እናውቃለን፤ ግን የእሱን ምስክርነት ማን ይቀበላል? እሱ እኮ ተርቦ የመጣ ሰው ነው።

ሶፍትዌሩ ደግሞ ከዚህ ይልቃል። አራት ሠራተኛ ላለው ቤት የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል፣ ጠዋት ተገዝቶ ማታ ለሚያልቅ ቆሮሶ የመጋዘን መቆጣጠሪያ፣ እዚያው ቆሞ ለሚያየው ባለቤት በየሳምንቱ የሚወጣ ባለ ቀለም ግራፍ ይዞ ይመጣል። ቻሞ ዓሣ ቀንሶ አጥማጁ ባዶ ጀልባ ሲጎትት በሚውልበት ቀን ሲስተሙ «ክምችት፦ ዜሮ» ብሎ ያስታውቃል፤ አጥማጁ ይህንኑ በስልክ ከነገረ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የሶፍትዌሩ ትልቁ ጸጋ ይገለጣል። ያ ትንሽ ዓሣ ቤት፣ እንደ ማንኛውም ትልቅ ባንክ፣ ሂሳብ ልክፈል የሚለውን ደንበኛ አቁሞ «ሲስተም የለም» ማለት ይችላል። በደብተር የሚሠራ ነጋዴ ዕድሜውን ሙሉ ቢደክም እዚህ ማዕረግ ላይ አይደርስም።

እንግዲህ ሽሙጡን ትንሽ ላቆየውና ነገሩን ከሥሩ ልመርምረው። ዌብሳይትና ሶፍትዌር የአንድ ጥያቄ ሁለት መልሶች ተደርገው መቅረባቸው ነው የስሕተቱ ምንጭ። ዌብሳይት የሚያገለግለው ነጋዴውን ለማያውቅና ሊያገኘው ለሚፈልግ ሩቅ ሰው ነው። ሶፍትዌር የሚያገለግለው የገዛ ሥራው ከዓይኑና ከእጁ በላይ ሆኖበት መቁጠር ላቃተው ባለቤት ነው። ሁለቱም ችግር የሌለበት ሰው ሁለቱም አያስፈልጉትም፤ ይህን ደግሞ ከሻጩ አፍ መስማት አይጠበቅም። ሻጮቹ ለማሳመኛ የሚጠሯቸውን ሁለት የአዲስ አበባ ስኬቶች እንኳ ብናይ የሚመሰክሩት ይህንኑ ነው። ቤተልሔም ጥላሁን በ1997 ዓ.ም. ገደማ ዘነበ ወርቅ ሰፈር የጀመረችው ሶል ሬብልስ በኢንተርኔት ጫማ መሸጡ የጠቀመው ገዢው ባሕር ማዶ ስለነበረ ነው፤ ያውም መጀመሪያ ጫማ ነበር። የሳምራዊት ፍቅሩ ራይድ ደግሞ ሶፍትዌር ያስፈለገው የሚሸጠው ነገር ራሱ ተሳፋሪንና ሹፌርን ማገናኘት ስለሆነ ነው። የዚያ ድርጅት ነፍስ ሶፍትዌር ሆኖ ሳለ እንኳ 8294 ደውሎ ታክሲ መጥራት ይቻላል፤ ስማርት ስልክ ያልያዘ ሰውም መንገደኛ መሆኑን አልዘነጉማ። ከእነዚህ ታሪኮች የእኛ አማካሪዎች የወሰዱት ትምህርት ግን «እነሱ ዌብሳይትና አፕ አላቸው» የሚለውን ብቻ ነው።

አሁን ሚዛኑን ወደ አርባ ምንጭ እንመልሰው። ሴቻ ላይ አባያንና ቻሞን ቁልቁል እያሳየ ክፍል የሚያከራይ እንግዳ ማረፊያ በእርግጥ የማያውቀው ደንበኛ አለው። ወደ ኮንሶና ወደ ደቡብ ኦሞ የሚያልፈው ቱሪስት ክፍል የሚመርጠው ከአገሩ ሳይነሣ ነው፤ የኮንሶ እርከን በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ መንገዱን የሚያውቀው ሰው በዝቷል። ለዚህ ማረፊያ በኢንተርኔት መታየት እንጀራው ነው። ሆኖም የሚያስፈልገው በጉግል ካርታ ላይ በትክክል መቀመጥ፣ እውነተኛ የክፍል ፎቶ፣ ዋጋና የሚነሣ ስልክ ነው። ካርታው ላይ መመዝገብ በነጻ ነው። ምናልባት አማካሪው ሳያነሣው የሚቀረው ለዚህ ይሆናል።

የሙዝ ነጋዴው ጉዳይ ሌላ ነው። ከላንቴና ከአካባቢው ቀበሌዎች አረንጓዴ እንዳለ ተቆርጦ በኢሱዙ የሚጫነው ሙዝ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል፤ የሚበስለውም እዚያ ነው። ገዢው ጅምላ ነጋዴ ነው፤ ሻጩን በድምፁ ያውቀዋል። ዋጋው ማታ በስልክ ይወሰናል፣ በመካከል ደላላ አለ፣ መንገድ ከተዘጋ ሙዙ ራሱ ይወስናል። እዚህ ሰንሰለት ውስጥ «አረንጓዴ ሙዝ ከአርባ ምንጭ» ብሎ ጉግል ላይ የሚፈልግ ማን እንደሆነ የሚነግረኝ ባገኝ ደስ ይለኛል። የነጋዴው እውነተኛ ሕመም ዱቤ ነው፦ ማን ስንት ኪሎ ወሰደ፣ ስንት ከፈለ፣ ስንት ቀረው። ለዚህ ደግሞ ደብተር አለ፤ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የተባለው ለነቀፋ ቢሆንም ባለ ዱቤ ግን የሚፈልገው በትክክል የማይለቅ ነገር ነው። ደብተሩ ከጠበበ ስልክ ላይ የሚከፈት የኤክሴል ሠንጠረዥ አለ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የእያንዳንዱ ክፍያ ቀን፣ መጠንና የከፋዩ ስም በአጭር መልእክት ተመዝግቦ ይደርሳል። ትንሹ ነጋዴ ሊያሠራው የሚደክምለት ሶፍትዌር ሲሶው ኪሱ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል፤ ያልታየው ምረቃ ስላልተደረገለት ነው።

ስለ ወጪው ሲነሣ አማካሪዎቻችን ትሑት ይሆናሉ፤ የመሥሪያውን ዋጋ ተናግረው የማኖሪያውን ይተዉታል። የዌብሳይት ስምና ማስቀመጫ ብዙውን ጊዜ በየዓመቱ በዶላር የሚከፈል ኪራይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል፤ አንድም ተጨማሪ ዓሣ ሳይሸጥ የዌብሳይቱ ኪራይ በብር ሲታይ በእጥፍ ገደማ አደገ ማለት ነው። ክፍያውም በተራው የአገር ውስጥ ካርድ ስለማይሆን ብዙ ጊዜ ውጭ አገር ባለ ዘመድ ወይም በሠሪው በኩል ይፈጸማል፤ በዚህ መንገድ የቤቱ ስም በሠሪው ስም ተመዝግቦ ይቀራል። ሠሪው ብዙ ጊዜ ጎበዝ ወጣት ነው። በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ የተከፈተው የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያሉ ወጣቶችን ያስመርቃል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ትወስዳቸዋለች። የይለፍ ቃሉም አብሮ ይሄዳል። በልክ የተሠራ ሶፍትዌር ማለት ልኩን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ የሆነ ሶፍትዌር ነው፤ ያ ሰው ስልኩን በቀየረ ማግስት ባለቤቱ የገዛ ሂሳቡን ከውጭ ሆኖ በመስኮት እንደሚያይ ጎረቤት ይሆናል።

«ሶፍትዌር ሌብነትን ይከላከላል» የሚል ክርክር ይነሣል፤ ከሁሉም ይልቅ ውል የሚያስፈርመውም ይህ ነው። ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም፤ በርካታ ቅርንጫፍ ያለው ሰው ሁሉም ቦታ መቆም አይችልምና ቆጣሪ ይሻል። ግን ሶፍትዌር የሚቆጥረው የተነገረውን ነው። በጓሮ በር የወጣ ቆሮሶ ራሱን አስመዝግቦ አይወጣም። ስድስት ጠረጴዛ ላይ ሌባ ለመያዝ ባለቤቱ ከሳምንት አንድ ቀን ምጣዱ አጠገብ ቢውል የተሻለ ማስረጃ ያገኛል።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ነጋዴው ሁሉን ነገር ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ካደረገ በሰው ቤት መነገዱ ነው፣ የራሱ ዌብሳይት ግን የራሱ ነው ይላሉ። ይህን አልቀልድበትም። በየካቲት 2015 ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቱብና ቲክቶክ ተዘግተው እስከ ሐምሌ ለአምስት ወር ያህል በቪፒኤን እንጂ አልተከፈቱም፤ ሱቁ ቴሌግራም ላይ ብቻ የነበረ ሰው ደንበኛውን ለማግኘት ተቸግሯል። ስለዚህ ዕቃውን ለሩቅ ገዢ የሚያሳይ የዶርዜ ሸማኔዎች ማኅበር አንድ የራሱ ገጽ ቢኖረው ያስኬዳል እላለሁ። ይሁንና ሰኔ 23 ቀን 2012 ኢንተርኔቱ ራሱ በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ የራስ የተባለውም ዌብሳይት ለአገር ውስጡ ሰው አብሮ ጠፍቶ ሳምንታት ቆይቷል። ያ ዓመት ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 የተባለው ስትራቴጂ የጸደቀበት ዓመት መሆኑን እዚህ ላይ ማንሣት ክፋት ይመስላል፤ ተነሣ እንግዲህ። በሁለቱም ጊዜ ሳይዘጋ የሠራው በጉልህ የተጻፈ የስልክ ቁጥር ነበር።

«ዝግጁ ሶፍትዌር የእኛን አሠራር አያውቅም» የሚሉትም አሉ። እውነት ነው፤ ጳጉሜን የሚባል ወር አያውቅም፣ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 እንደሚጀምር አልሰማም፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሉት ሌሊት ይመስለዋል። ግን የአገራችን ሒሳብ ሠራተኛ ፒችትሪ የተባለውን የውጭ የሒሳብ ፕሮግራም ይዞ ስንት ዓመት ኖረ? ባለቤቶቹ ስሙን ሴጅ ብለው ከቀየሩት ቆይተዋል፤ የእኛ የሥራ ማስታወቂያ ግን ዛሬም «ፒችትሪ የሚችል» ይላል። ያልተመቸንን መሣሪያ ተመችቶን እስኪሠራ ማለማመድ የታወቀ ችሎታችን ሆኖ ሳለ ለጳጉሜን አምስት ቀን ተብሎ አዲስ ፕሮግራም ማስጻፍ ድፍረት ይጠይቃል።

በልክ የተሠራ ሶፍትዌር የሚገባው ቦታ የለም ወይ? አለ፣ እዚሁ ጋሞ ዞን ውስጥ። የገበሬዎች የፍራፍሬ ኅብረት ሥራ ማኅበር ከብዙ አባላት እጅ ሙዝ ይረከባል፤ እያንዳንዱ ገበሬ ስንት ኪሎ አስገባ፣ ስንቱ በደረጃ ወደቀ፣ ከትርፉ ምን ይደርሰዋል የሚለው በአንድ ጸሐፊ ደብተር ላይ ሲንጠለጠል ክርክሩ ማለቂያ የለውም። እዚያ ማንም ዓይኑን ጥሎ ሁሉን ማየት አይችልም፣ ገንዘቡ የብዙ ሰው ነው፣ ከውጭ የሚገዛ ፕሮግራምም የማኅበሩን የትርፍ ክፍፍል ደንብ አያውቅም። ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ራሱ በቅድሚያ ካነሣቸው ዘርፎች አንዱ ግብርና ነበር። ታዲያ ባለ ላፕቶፑ ለምን ወደዚያ አይሄድም? ማኅበር ውል ለመፈረም ቦርድ ይሰበስባል፣ ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራል፣ ጨረታ ያወጣል፣ ኦዲተር አለበት፤ ከስብሰባው አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «ይሄ ነገር መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል?» ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። ባለ ስድስት ጠረጴዛው ግን ብቻውን ይፈርማል፤ ያውም ለብለብ ጋብዞ።